ጋሽ ተሰማ የቀበሩት ጎመን

ዛሬ የልጅ ልጄ ስልኳ ላይ የኮሪያ ሴቶች ተሰብስበው ጎመን በበርበሬ ሲያሹ አሳየችኝ። «ይሄማ የጋሽ ተሰማ ነው!» ብዬ ጮህኩ።

ጋሽ ተሰማ፣ አሰበ ተፈሪ ከተማ ሳለን፣ ጎረቤታችን ነበሩ። ከኮሪያ ዘመቻ እንደተመለሱ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስበው፣ አብረዋቸው ጥቅል ጎመን በጨውና በበርበሬ አሹ። በእንስራ አድርገው ጓሮ ቀበሩት።

«ለብርዱ ወራት ነው» አሉ።

እናቴ ግራ ገባት። «ጎመኑ እኮ ዓመቱን ሙሉ ጓሯችን አለ፤ ምን አስቀበረዎት?»

ተቆፍሮ ሲወጣ ሽታው ሂርና ከተማ ሳይደርስ አልቀረም። ለእናቴ ሊያጎርሷት እጃቸውን ዘረጉ። ፊቷን አዞረች። ጉርሻውን ራሳቸው በሉት።

ስልኩ ላይ ሴቶቹ እየተሳሳቁ ይጎራረሳሉ።

ጋሽ ተሰማን ያማራቸው ጎመኑ ነበር ወይስ ይሄ? ዛሬም ግራ እንደገባኝ ነው።

በእናንተስ ሰፈር ከሩቅ የተመለሰ ሰው ምን ዘርግቶላችሁ ፊታችሁን አዞራችሁ?