አክስቴ ያላቃናችው እጅጌ

ነፍስ ማወቅ ስጀምር ቤታችን ጅማ፣ ጊንጆ ሰፈር ነበር፤ ከፊት የአክስቴ የስፌት ክፍል፣ ከኋላ የእኛ ጓዳ። እናቴ እኔን ወልዳ ብዙም ሳትቆይ ስላረፈች ያሳደገችኝ እኅቷ አልማዝ ናት። አክስቴ ከከምባታ ወጥታ ጅማ የገባችው ገና በወጣትነቷ ነው። ባሏን በጊዜ አጥታ፣ ከአንድ ልጇ ከተስፋዬ ጋር በስፌት ትተዳደር ነበር። እኔ ተስፋዬን ወንድሜ እለው ነበር፤ ወንድሜም ነበር።

ያኔ አመሻሽ ላይ መብራት ይጠፋ ነበር። የአክስቴ የስፌት መኪና በእግር የምትረገጥ ስለሆነች ጨለማው ሥራ አያስፈታትም፤ ፋኖሱን አጠገቧ አስቀምጣ ትቀጥላለች። እኔም ከከሰል ካውያው አጠገብ በቁራጭ ጨርቅ ክምር ላይ ተቀምጬ፣ በካውያው ቀዳዳዎች የሚታየውን ፍም እያየሁ፣ የእርጥብ ጨርቅና የጭስ ሽታ እየሳብኩ ተረቷን እሰማለሁ። በተረቷ ውስጥ ሁልጊዜ አንድ ሰው ከቤቱ ይወጣል፤ ወንዝ ይሞላበታል፣ ጅብ ይከተለዋል፣ መንገድ ይጠፋዋል፤ መጨረሻው ላይ ግን ይመለሳል። «እናቱስ?» እላታለሁ። «በር ላይ ቆማ አገኛት» ትለኛለች። ከዚያ መዝሙር ታነሣለች፤ ተስፋዬም ከጓዳ ሆኖ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይከተላታል። እንደነዚያ ሁለት ድምፆች የሚስማማ ነገር ከዚያ በኋላ ሰምቼ አላውቅም።

ተስፋዬ በቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪ ነበር። አንድ ክረምት ዘማሪዎቹ አጋሮ ለጉባኤ ሲጋበዙ፣ የሁሉንም የዝማሬ ልብስ የሰፋችው አክስቴ ናት። የሄዱ ዕለት ጠዋት፣ ትከሻው ላይ የተረፈ ክር አየችና ጎንበስ አድርጋው በጥርሷ በጠሰችለት።

«እማ፣ ሰው እያየ እኮ ነው!» አላት፤ ጓደኞቹ ሳቁበት።

ሲመለሱ፣ በዝናብ፣ መኪናቸው ተገለበጠ። ሌሎቹ ቆስለው ተረፉ። ተስፋዬ አልተረፈም።

ለቅሶው ላይ ቤቱ በሰው ተሞላ፤ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም መጣ። አክስቴ ግን አላለቀሰችም። ሰዎች ስለ ተስፋዬ እያነሡ ሊያስለቅሷት ቢሞክሩም ዓይኗ ደርቆ ወለሉን ታያለች። ለቀስተኛው ሲበተን ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች፤ ዩኒፎርም ሰፋች፣ ሱሪ አሳጠረች፣ ለሚጠይቃት ሁሉ «ደኅና ነኝ» አለች። ቤተ ክርስቲያን ግን መሄድ ተወች። እኔም አንድ ምሽት፣ የልጅ ነገር፣ «ተረት ንገሪኝ» አልኳት።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና «እኔ የማውቀው ተረት ሁሉ መመለስ ያለበት ነው፤ ሌላ አላውቅም» አለችኝ። ዳግመኛ አልጠየቅኳትም።

ጎረቤታችን እማማ ዘሃራ የመጡት ከወራት በኋላ፣ አንድ ከሰዓት ነው። ልጃቸው ልታገባ ነበር። ከአያታቸው የወረሱትን የሰርግ ቀሚስ በነጠላ ጠቅልለው ይዘዋል። ቀሚሱ ገና ስፌት መኪና በየቤቱ ሳይገባ ሙሉ በሙሉ በእጅ የተሰፋ ነው፤ የአንገቱ ጥልፍ ደብዝዟል፣ ጎኑ ተተርትሯል።

«ኢንተለ ኮ» አሏት፤ በኦሮምኛ ልጄ ማለታቸው ነው። «ልጅቷ ይህን ካልለበስኩ ብላለች። ኢንሻአላህ፣ አንቺ ታድኚልናለሽ።»

አክስቴ ቀሚሱን ገልብጣ ወደ መስኮቱ ብርሃን አስጠጋችው። ስፌቱን በጣቷ እየተከተለች፣ ከስንት ጊዜ በኋላ ፊቷ ፈታ ሲል አየሁ። «እጇን ይባርከው፤ እንዴት ያለች ሴት ናት!» አለች። ግራው እጅጌ ላይ ስትደርስ ግን ጣቷ ቆመ። እዚያ ጋ ስፌቱ ሰፋ ሰፋ ብሎ ከመስመሩ ወጥቷል።

«እማማ፣ ይሄ የሌላ ሰው እጅ ነው። ላቃናልዎት?»

እማማ ዘሃራ እጅጌውን በመዳፋቸው ሸፈኑት።

«ቀሚሱን ለአያቴ የጀመረችላት እናቷ ናት» አሉ። «ሰርጉ ሲቃረብ ታመመችና አላህ ወሰዳት። ያ እጅጌ ብቻ ቀርቶ ነበር። አያቴ ስፌት አታውቅም፤ ሴቶቹ እኛ እንጨርስልሽ ቢሏትም እምቢ አለች። እያለቀሰች ነው የሰፋችው። የምትሰፋበት እንኳ አይታያትም ነበር አሉ።»

አክስቴ እጅጌውን ፊቷ ላይ አደረገችው። መጀመሪያ የምታሸተው መስሎኝ ነበር። ከዚያ ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ፤ ከሆዷ የወጣው ድምፅ እስከ ዛሬ አብሮኝ አለ። ፈርቼ ከግድግዳው ተጠጋሁ። እማማ ዘሃራ ዝም በይ አላሏትም፤ አጠገቧ ተቀምጠው ጀርባዋን እያሹ «አልቅሺ፣ ኢንተለ ኮ፣ አልቅሺ» አሏት። ደጅ ላይ ልብስ ሊያሳጥር የመጣ ተማሪ ሁኔታውን አይቶ ቀስ ብሎ ተመለሰ።

ቀሚሱን ስትጠግን ሰነበተች። የላላውን ስፌት ሁሉ አጠበቀች፣ ለሳሳው ገበር አበጀችለት፤ ያን እጅጌ ግን አላቃናችውም። ሙሽራዋ ለብሳው ስትወጣ ሴቶቹ በኦሮምኛ እየዘፈኑ ተቀበሏት፤ አክስቴ ከድንኳኑ ጥግ እጄን አጥብቃ ይዛ ቆማ አየቻት።

ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ጀመረች። መዘመር ግን አልቻለችም። አንድ እሑድ ስንመለስ፣ «አክስቴ፣ እግዚአብሔርን ተቆጥተሽው ነው?» አልኳት።

«ተቆጥቼው ነበር» አለች ሳትደብቀኝ። «አሁን ሌሎቹ ሲዘምሩ እሰማለሁ። ለጊዜው እሱ ይበቃኛል።»

ያ «ለጊዜው» እስከ ዕለተ ሞቷ ቆየ። ጊዜ ሐዘንን ያስረሳል ይሉኛል፤ አክስቴን አላስረሳትም። ሰፋች፣ እኔን ለወግ ለማዕረግ አበቃች፣ አረጀች፤ ሐዘኗም አብሯት አረጀ። ዛሬ ስለ እምነት ሲወራ ስሰማ የምትታየኝ እሷው ናት፦ ሰው ሁሉ ለመዝሙር ሲነሣ አብራ ተነሥታ፣ አፏን ዘግታ፣ መዝሙሩ እስኪያልቅ ድረስ የምትቆም ሴት።