የቁም ሳጥኔ ጠባብ ክፍል

አናጺው አጎቴ ካረፉ አርባ ቀን አለፋቸው፤ እኔ ግን ዛሬም ቁም ሳጥኔን ከፍቼ ግራ ገብቶኝ እቆማለሁ።

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ በነበረው የእንጨት ሥራ ቤታቸው አንድ ልማድ ነበራቸው። "ውስጡ የሚገባውን ዕቃ ሳላይ እንጨት አልቆርጥም" ይሉ ነበር። አንዲት ሴትዮ የምታሠራውን ቡፌ ልክ በወረቀት ጽፋ ብትመጣ፣ "ወረቀቱን ተይውና ትልቁን ትሪሽን አምጪልኝ" አሏት። እየተነጫነጨች ሄዳ ትሪዋን አቅፋ በባጃጅ ተመለሰች።

ለእኔም ቁም ሳጥን ሊሠሩ ሲነሱ ቤቴ መጥተው ልብሴን፣ ጫማዬን፣ ጃንጥላዬን ሳይቀር አስወጥተው ለኩ። ሠርተው ሲያመጡልኝ ከታች በኩል አንዲት ጠባብ ክፍል አየሁ።

"ጋሼ፣ ይቺ ደግሞ ለምንድን ናት?" አልኳቸው።

"አይቼ ነው የሠራኋት" ብለው መሣሪያቸውን ሰበሰቡ። ሌላ ቀን እጠይቃቸዋለሁ ብዬ ተውኩት።

ጃንጥላዬ ይረዝምባታል፤ ጫማዬ ይሰፋባታል። አብሯቸው ይሠራ የነበረውን ሰው ብጠይቀው እሱም አያውቅም። እህቴ "ተሳስተው ይሆናል" ትለኛለች። እሳቸው ግን ልክ ሲስቱ አይቼ አላውቅም፤ ላላዩት ዕቃም ቦታ አይሠሩም።

ታዲያ እኔ ቤት፣ እኔ ያላየሁት ምን አይተው ነበር?