ግንዱ ላይ የቀረው የአበባ ፍሬ ቂጣ

ሙሪየል የደረቀውን የውሃ አበባ ፍሬ በመዳፎቿ እያሸች ገለባውን እፍ ትላለች፤ የተረፈውን ጥቁር ቅንጣት ድንጋዩ ላይ ጥላ ትፈጫለች። ሁለት ቀን ሙሉ፣ ዓይኗን ከአዞ ሳትነቅል፣ ኩሬው ውስጥ እስከ ወገቧ ገብታ ጎሽና አሳማ ከረገጡት የተረፈውን ለቅማለች። አንድ ቂጣ ቢወጣው ነው።

ቂጣው የእህቷ የዊኒ ነው። ዊኒ ዳርዊን ከተማ ሆስፒታል ከተኛች ሦስት ሳምንቷ። የዚያ ምግብ አልስማማት ብሎ ከስታለች። "እቴ፣ የኩሬያችንን ቂጣ ላኪልኝ፤ ሆዴን የሚይዝልኝ እሱ ብቻ ነው" ብላለች በስልክ። አውሮፕላኑ የሚመጣው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ዛሬ ቀትር ላይ።

ወደ አውሮፕላኑ ሜዳ የሚሄደው የአማቿ፣ የልጇ የሮንዳ ባል፣ መኪና ብቻ ነው። በወገኖቿ ወግ ደግሞ ከአማች ጋር መነጋገርም፣ መተያየትም፣ ከእጅ ወደ እጅ መቀባበልም ነውር ነው። ስሙን እንኳ አትጠራም። ደግ ሰው ነው፤ ዓሣ ሲይዝ ደጃፏ ካለው ግንድ ላይ አስቀምጦላት ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። የሚያቀባብላቸው ሮንዳ ናት።

ሮንዳ ግን ጠዋት "እማዬ፣ ሱቅ ደርሼ መጣሁ" ብላ እንደወጣች ቀረች።

"መጣሁ ያለችው ለክረምቱ ይሆናል" አለች ሙሪየል። ቂጣውን ከረመጥ አውጥታ፣ አመዱን አራግፋ፣ እንደ ወረቀት በሚላጥ የዛፍ ቅርፊት ጠቀለለችው። ከዚያ ጀርባዋን ደጃፉ ላይ ለቆመው የአማቿ መኪና ሰጥታ ውሻውን ጠራች።

"አንተ ውሻ፣ የዊኒ ቂጣ ዛሬውኑ መሄድ አለበት። ሰምተሃል?"

አማቿ ከመኪናው ሥር ሆኖ ለጎማው መለሰ። "አንተ ጎማ፣ ቂጣ እንጭናለን አሉ። ሮንዳ እንደሆን ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ሥር ነው የምታስቀምጠው። አንተ ብቻ እንዳትተነፍስብኝ።"

ሙሪየል ሳቅ አለች። ጥቅሉን ጉንዳን እንዳያገኘው ግንዱ ላይ አኖረችና፣ መጥቶ እንዲወስደው ብላ ወደ ቤቱ ጓሮ ዞረች።

የሞተሩን ድምፅ ሰምታ ስትመለስ መኪናው አቧራ ውስጥ ገብቷል። ጥቅሉ ግንዱ ላይ እንዳለ ነው። አጠገቡ አንድ ትልቅ ዓሣ ተጋድሟል።

እንዴት አላሰበችውም? ስድስት ዓመት ሙሉ ግንዱ ላይ ያለ ነገር ሁሉ የእሷ ነው። እሱ ያስቀምጥበታል እንጂ ከዚያ አያነሳም። ቂጣውን ሮንዳ ጭናዋለች ብሎ ሄዷል።

ልትጣራ አፏን ከፈተች። በማን ስም ትጥራው?

"ሩጥ እንጂ፣ አንተ ውሻ" አለች በንዴት። ውሻው ዓሣውን ያሸታል።

ቀትር ሲያልፍ ሮንዳ ቀዝቃዛ ጠርሙስ ይዛ ከች አለች። "እማዬ፣ ሄደ እንዴ?"

"ግንዱን ጠይቂው።"

ሮንዳ ጥቅሉን ዳሰሰችው። ገና ሙቀቱ አለቀቀውም። አውሮፕላኑ በላያቸው አልፎ ወደ ዳርዊን ታጠፈ።