ተኪላ የሌለበት ማርጋሪታ

ተኸስተ አስመራ ተወልዶ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው። አሜሪካ ሚኒሶታ ከገባ ጀምሮ ትራክ ሲነዳ ኖሮ ወገቡ አልታዘዝ ሲለው፣ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ በተባለች ከተማ ያለ አንድ የሜክሲኮ ምግብ ቤት፣ ታኮ ቤት፣ ተቀጠረ። ከባሩ ጀርባ ሎሚ ይጨምቃል፣ በረዶ ያመላልሳል፣ ተኪላ የሚባለው አረቄ በሎሚ ለሚጠጣበት ማርጋሪታ የብርጭቆው አፍ ላይ ጨው ያስነካል። እሱ ራሱ መጠጥ አይቀምስም። ልጁ ክሳነት ግን በመጠጥ ምክንያት ትምህርቷንም ሥራዋንም አጥታ፣ የበረዶውን ወራት ማገገሚያ ውስጥ ነው ያሳለፈችው። ያሳከማት ኢንሹራንስ ከዚሁ ከታኮ ቤቱ የተገኘ ነው። ሚስቱ ለተገብርኤል ይህን ሥራ እንዲተው ብትለምነውም ያልተወው ለዚህ ነበር።

በግንቦት አንድ ቅዳሜ ሙቀቱ ድንገት መጣና ደጅ ያለው መቀመጫ፣ ፓቲዮው፣ ተከፈተ። በዚያ አገር ሰው ፀሐይ ሲያይ ቤት አይቀመጥም። ወረፋው እስከ መኪና ማቆሚያው ደረሰ፤ ውሻውን ያስከተለ፣ ሕፃን ያዘለ፣ ገና ሳይቀመጥ በሙዚቃው የሚወዛወዝ ሁሉ መጣ። ተኸስተ በረዶ ተሸክሞ ሲወጣ ክሳነትን አያት። ከማያውቃቸው ሁለት ሴቶች ጋር በአጥሩ በኩል ተቀምጣለች፤ ጀርባዋን ለባሩ ሰጥታለች። አስተናጋጇ ከአንደኛዋ ሴት ለሦስቱም ትእዛዝ እየተቀበለች ነበር።

 ሄዶ እጇን ቢይዝ በሰው ፊት ያዋርዳታል፤ ዝም ቢል ደግሞ ዓይኑ እያየ ትጠጣለች። ተመልሶ ገባ። ትእዛዙ ባሩ ላይ ደረሰ፤ ሦስት ማርጋሪታ።

መጠጥ የሚቀላቅለው መርጋ የሚባል የአምቦ ልጅ ነው። ተኸስተ ጠጋ ብሎ፣ ከሦስቱ አንዷ የእሱ ልጅ መሆኗን፣ ምን እንደደረሰባትም ነገረው።

«የእሷን ተኪላ ተውልኝ» አለው።

መርጋም፣ «እሺ፣ ጋሼ» አለ። ተኸስተ ሎሚውን በእጁ ጨመቀላት፤ ጨውንም አስተካክሎ አስነካላት። አስተናጋጇ የትኛው ለማን እንደሆነ ተነግሯት ይዛ ሄደች።

ክሳነት አንዴ ጎንጨት አለች፤ ተኪላ እንደሌለበት ገባት። ብርጭቆውን አስቀመጠች። ቆይታ ተነሳችና ብርጭቆውን ይዛ ባሩ ድረስ መጣች። አባቷን ስታይ አልደነገጠችም። ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስለት ልጅ፣ ያን ቀን በአማርኛ ተናገረች።

«አባዬ፣ እዚህ ብትከለክለኝ ሌላ ቦታ እጠጣለሁ።»

 ከስንት ቃል መሃል ተኸስተ አፍ ላይ የመጣው «ምሳ በልተሻል?» የሚል ብቻ ነበር። እሷም ራሷን ነቀነቀች፤ መብላቷን ይሁን አለመብላቷን አላወቀም። ብርጭቆውን ፊቱ አስቀምጣ ወጣች። ሴቶቹ ተከትለዋት ተነሱ፤ በአጥሩ ማዶ መኪና ውስጥ ሲገቡ፣ መኪናዋም ወደ ወንዙ በሚወስደው መንገድ ስትታጠፍ ቆሞ አየ። ከኋላው በረዶ አልቋል እያሉ ይጠሩታል።

በረዶውን አመጣ። ከዚያ ወደ ማድቤቱ ጓሮ ወጥቶ ደወለላት፤ አላነሳችም። ለተገብርኤል ዘንድ ደወለ።

«አንተ ጋ አልመጣችም እንዴ?» አለች ሚስቱ። ጠዋት ጓደኞቿ ካልወጣን ብለው አላስቀምጥ ሲሏት፣ «እሺ፣ ግን አባዬ የሚሠራበት እንሂድ፤ እሱ እያየኝ አልጠጣም» ብላ መውጣቷን ነገረችው።

ተኸስተ ስልኩን እንደያዘ ግድግዳው ላይ ተደገፈ። ያኔውኑ ጠረጴዛዋ ድረስ ሄዶ «እንዴት ዋልሽ» ቢላት ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ያሰላስል ጀመር። ይበቃት ነበር ይሆን? ወይስ አይበቃትም ነበር? አሁን ማንም ሊነግረው አይችልም።

ክሳነት ከሦስት ቀን በኋላ፣ ማክሰኞ ረፋዱ ላይ ወደ ቤት መጣች። ጫማዋ አንድ እግር ብቻ ነበር፤ መጠጡ ገና አለቀቃትም። ለተገብርኤል ግድግዳውን ይዛ ታለቅሳለች። ተኸስተ ልጁን ደግፎ አልጋዋ ላይ አስተኛት፤ የቀረውን ጫማ አወለቀላት። ማገገሚያው ቦታ እስኪገኝ ጠብቁ ብሏል። ከሥራ ሲደውሉለት አየሩ ሞቋል፣ ሰው በዝቷል፣ ቶሎ ና አሉት። ጥቂት አጠገቧ ተቀመጠና፣ ሌላ የሚያደርገው ስላልነበረ ወደ ሥራው ሄደ።