ከመርዓዊ እስከ ማንኩሳ፦ በእግር የሚዘወር ጀልባ ፍለጋ

ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል፣ መርዓዊ

የጥር ብርድ አጥንት ይሰብራል። መናኸሪያው ውስጥ ሚኒባስ እስኪሞላ ተቀምጠን እንጠብቃለን። ወንድሜ አያ ስማቸው ጋቢውን እስከ ዓይኑ ተከናንቦ፣ ዱላውን በጉልበቶቹ መሀል ይዞ ጸጥ ብሏል። እኔ ሲበርደኝ አፌ አያርፍም። ረዳቱን፣ ሹፌሩን፣ መንገዱን ስረግም ቆየሁና ወደ መንግሥት ልሻገር ስል በክርኑ ጎሰም አደረገኝ። "ቀስ በይ እታለም" አለ፣ ከፊታችን ወደተቀመጠው የቀበሌ ሰው በአገጩ እያመለከተ። ነጠላዬን አፌ ላይ ሳብ አደረግሁ።

ጉዳያችንን ላስረዳ። አያ ስማቸው የቆጋ ግድብ ውሃ መሬቱን ሲተኛበት ሞፈሩን ሰቅሎ መረብ የያዘ ሰው ነው። ከጣና ዳር በተጫነ ደንገል ታንኳ አስሮ ከዓሣ አጥማጆች ማኅበር ገባ፤ ልጆቹንም በዚያው አሳደገ። ባለፈው ነሐሴ ደም ግፊቱ ጣለው። እሱ ተነሣ፤ ግራ እጁ ግን አልተነሣም። በአንድ እጅ ታንኳ አይቀዘፍም፤ ባለበት ይዞራል እንጂ።

የማኅበሩ ሰዎች ክፉዎች አይደሉም። ነገር ግን ውሃው ላይ የሚወጣው በተራ ነው፣ ተራ የሚጠብቀውም ብዙ ነው። ስለዚህ ተሰብስበው ወሰኑ፦ ዐቢይ ጾም ሳይገባ ራሱ የሚነዳው ጀልባ ይዞ ከመጣ ተራው የእሱ ነው፤ ካልመጣ ለሌላ ይሰጣል። አያ ስማቸው ይህን ሲነግረኝ "መሬቴን ውሃ ወሰደው፤ ውሃውን ደግሞ ሰው ሊወስድብኝ ነው" አለ። ይሄን ከሰማሁ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም።

እኔ ባሕር ዳር አስተማሪ ነኝ። ፈረንጆች ካያክ የሚሉትን፣ ተቀምጠው እንደ ብስክሌት በእግር የሚዘውሩትን የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ መጀመሪያ ያየሁት በትምህርት ቤታችን ኮምፒውተር ላይ ነው። እጅ አይፈልግም፤ መሪውን የሚይዝ አንድ እጅ ከኖረ ይበቃል። ጮክ ብዬ ሳወራ የሰማች የፍኖተ ሰላም ልጅ፣ የሥራ ባልደረባዬ፣ "ውይ፣ እሱማ ማንኩሳ አለ!" አለችኝ። መንገድ ሲሠሩ የነበሩ የውጭ ሰዎች ሲሄዱ ለዘበኛቸው ሁለት ትተውለታል። ስልኩን አፈላልጋ ሰጠችኝ። ይኸው ወጣን።

ረፋድ 3 ሰዓት፣ ቡሬ

ዳንግላን በእንቅልፍ፣ እንጅባራን በጉም አለፍናት። ጉሙ መስኮቱን ሸፍኖት የቀርከሃው አጥር እንኳ አልታየኝም። ሹፌሩ ጥሩምባ እየነፋ በጭፍን ይነዳል፤ ከኋላ ያሉ ሴትዮ ማርያምን ደጋግመው ጠሩ። ቲሊሊን ካለፍን በኋላ ፀሐይ ወጣች።

ቡሬ በርበሬ በርበሬ ትሸታለች። አይሱዙዎቹ መንገድ ዳር ተደርድረው በቆሎና ድንች ይጭናሉ። አንዲት ጠባብ ምግብ ቤት ገብተን ፉል አዘዝን። ሻዩ ሦስት ብር፣ ስኳሩ ለአምስት ሰው የሚበቃ።

አያ ስማቸው ከሚኒባሱ ሲወርድ ብዙ ጊዜ ወሰደበት። "ምነው?" አልኩት። "ቁርጥማት ነው፤ ብርዱ ጉልበቴን ያዘው" አለኝ። አመንኩት። በኛ አገር አርባ ያለፈው ወንድ ሁሉ ዱላ ይይዛል፤ ማን ተደግፎበት እንደሚሄድ፣ ማን እንዲያው እንደያዘው በምን ይለያል?

ፉሉን እየበላን ስለ ጀልባው አወራን። እኔ ያነበብኩትን አስረዳሁ፦ አንዱ ዓይነት ሰፊ ነው፣ አይናወጥም፣ መደገፊያ ያለው ወንበር አለው፤ ቀኑን ሙሉ ቢቀመጡበት ወገብ አያምም። ሌላው ጠባብ ነው፣ ፈጥኖ ይታጠፋል፣ ግን ይወዛወዛል።

"አንተ ምቾት ነው የሚያስፈልግህ" አልኩት።

"ምቾት ቤቴም አለልኝ። አምስት ወር ተመቻችቼ ተቀመጥኩ አይደል" አለ። "መረቡ ነፋስ ሲገባው ቶሎ የማይታጠፍ ጀልባ ምን ያደርግልኛል? እሺ የሚለኝን ነው የምፈልገው።"

"አይ አንተ! ገና ሳታየው?"

ፈገግ አለ። ከነሐሴ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

5 ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

ዘበኛው ጋሽ ጥሩነህ አሁን የሚጠብቁት ፍኖተ ሰላም ውስጥ አንድ የእህል መጋዘን ነው፤ ጀልባዎቹ ግን ማንኩሳ ቤታቸው ናቸው። ለዚህ ነው ማንኩሳን አልፈናት እሳቸውን ልንወስድ የመጣነው። ዋናው መንገድ ላይ ጋሪና ባጃጅ ይጋፋሉ፤ ፈረሱ ባጃጁን አይፈራም፣ ባጃጁም ፈረሱን አያከብርም። ጉዳይ ይዘው ቢሮ የሚገቡ ሰዎች አቧራውን በወረቀት እየተከላከሉ ያልፋሉ።

ጋሽ ጥሩነህ ስድሳውን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ነጭ ጥምጥም ያሰሩ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው ቅኔ ቤት ነበሩ፤ ትምህርቱን ረሃብ አቋረጠው። ቅኔው ግን ከአፋቸው አልወጣም።

"እንዴት አረፈዳችሁ፣ ልጆቼ። በሽተኛው ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ አባቴ። በሽታው እጄ ላይ ብቻ ነው" አለ አያ ስማቸው፣ ቶሎ ብሎ።

"ይሁን። እጅ ቢሰንፍ እግር አለ። እግዜር ሲነሳም ሲሰጥም ጥንድ ጥንድ ነው።"

አያ ስማቸው አንገቱን ደፋ። እኔ ትሕትና መሰለኝ።

ባጃጅ ተኮናትረን ወደ ማንኩሳ ተመለስን። መንገድ ላይ ጋሽ ጥሩነህ ስለ ጀልባዎቹ ነገሩን። እንደ ልጅ ጠብቀዋቸዋል። ዝናብ አላስነኳቸውም። "ደግሞም አድሻቸዋለሁ" አሉ። "ፈረንጆቹ እንኳ ያላዩትን ጉድ አገኘሁ። ሁለቱም ወለላቸው ላይ ተበስተዋል! ስድስት ስድስት ቀዳዳ። የሚያፈስ ጀልባ ማን ይገዛኛል ብዬ የጧፍ ሰም አቅልጬ፣ በጨርቅ ጠቅጥቄ፣ አንድ ሳይቀር ደፈንኩት።"

"እሰይ፣ እጅዎን ይባርከው!" አልኩ። ይህን ያልኩት እኔ ነኝ፣ ኮምፒውተር ላይ አንብቤ ሰው የማስረዳው አስተማሪ። ዛሬ ስጽፈው ፊቴ ይቃጠላል።

7 ሰዓት፣ ማንኩሳ

ከጋሽ ጥሩነህ ቤት ጀርባ፣ ከሽንብራው ማሳ ወዲያ፣ ለመንገዱ ድንጋይ ሲወጣበት የተቆፈረ ጉድጓድ ክረምት ውሃ ሞልቶበት ኩሬ ሆኗል። ባጃጅ ነጂው ሁለቱን ጀልባዎች እስከ ኩሬው አግዞን አወረደና ሄደ። አንዷ አረንጓዴ፣ እንደ በሬ ጀርባ ሰፊ፤ ወንበሯ ከመረብ ጨርቅ የተሠራ፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚገፋ። ሌላዋ ቢጫ፣ ጠባብ፣ ረዥም። ሁለቱም መሀላቸው ላይ ፔዳል፣ በስተቀኝ የመሪ እጀታ አላቸው። ጋሽ ጥሩነህ ለጥንቃቄ ብለው በየጀልባዋ ኋላ ረዥም ገመድ አሰሩ። ያን ገመድ እግዜር ይባርከው።

መጀመሪያ አረንጓዴዋን። አያ ስማቸውን ደግፈን አስቀመጥነው። ወንበሩ ላይ ደገፍ ሲል "ኧረ ይቺስ ንጉሥ ታደርጋለች" አለ። ገፋናት። ከጀርባው እናየዋለን። ትንሽ ሄደች፣ ቆመች። እንደገና ሄደች፣ ቆመች።

"የፔዳሏ ጥርስ ደርቆ ነው" አሉ ጋሽ ጥሩነህ። በገመዱ ጎትተን መለስናት፣ እሱን አወረድነው፣ ዘይት አጠጧት። እኔ ደግሞ ጫማዬን አውልቄ ገባሁባት። እናንተዬ! እንዴት ያለች ነገር ናት! ሳልለፋ ተንሸራተተች፤ መሪውን ነካ ሳደርገው ታጠፈች። እንደ ሕፃን ሳቅሁ። ስወጣ "ምንም አልሆነችም፣ አያ፤ ልምድ ነው" አልኩት። ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ገና ስላልለመዳት የተናደደ መሰለኝ።

"ቢጫዋን ልሞክራት" አለ። ተቀመጠ። "እስቲ ፊታችሁን አዙሩ፤ ሱሪዬን ላስተካክል።" አዞርን። ቆይቶ "ግፉኝ" አለ።

ቢጫዋ ሄደች! አልቆመችም። ኩሬውን አቋርጣ ጫፍ ስትደርስ ቀኝ እጁን በመሪው ላይ ጣል አደረገና እንደ ፈረስ አዞራት። ጋሽ ጥሩነህ "እልል በይ እንጂ!" አሉኝ። እልል አልኩ፤ እንባዬም መጣ። ሁለተኛ ዞረ፣ ሦስተኛ ዞረ። በዞረ ቁጥር ጀልባዋ ጋደል ትላለች፤ በጋደለች ቁጥር ውሃ በጎኗ ይገባል። የገባው ውሃ መውጫ የለውም። ከኔም ከጋሽ ጥሩነህም ይህን ያሰበ አልነበረም። አራተኛው ላይ ውሃው ሁሉ ወደ አንድ ጎን ሮጠ፣ ጀልባዋ ተገለበጠች።

ሆዷ ወደ ላይ ሆኖ ታየኝ። ወንድሜ አልታየኝም።

"ገመዱን!" ብለው ጮኹ ጋሽ ጥሩነህ። ሳቡ፤ እኔ ከነልብሴ ገባሁ። ውሃው ደረቴ ሲደርስ ጀልባዋ ደረሰችልኝ። ከሥሯ እጁን አገኘሁና ጎተትኩ። አልመጣም። አንድ ነገር ይዞታል። ዳብሼ እግሩ ላይ ስደርስ ቀበቶ ነካሁ። ግራ እግሩን ከፔዳሉ ጋር በገዛ ቀበቶው ጥፍር አድርጎ አስሮታል። እንዴት እንደፈታሁት አላውቅም፤ ጥፍሬ ተነቅሏል።

ዳር ላይ አውጥተን በሆዱ አስተኛነው፤ ውሃ ተፋ፣ ሳለ፣ ተነፈሰ። ግራ እግሩን ያዝኩት። እንደ እንጨት ቀዝቃዛ ነው። ቆነጠጥኩት። አላወቀም።

"እጅ ብቻ ነው ብለኸኝ!" ብዬ ጮህኩበት። "እግርህም? አምስት ወር ሙሉ እግርህም?"

"ከፔዳሉ እየወደቀ አስቸገረኝ" አለ፣ ስለ ሌላ ሰው እግር የሚያወራ ይመስል። "ሲታሰር ግን ሄደ። አየሽ አይደል? ሄደኮ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ትመጪ ነበር?"

ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፤ ተሳደብኩም። እሱን፣ ኩሬውን፣ ራሴን።

ጋሽ ጥሩነህ የተገለበጠችውን ቢጫ ጀልባ ዳር አውጥተው በጣታቸው ሰሙን ቆፍረው አወጡ። ጨርቁ ሲመዘዝ የያዘችው ውሃ በቀዳዳው ፎለል ብሎ ወረደ። ሽማግሌው ቆመው አዩት። "ለካ በር ነው" አሉ። "ውሃው የሚወጣበት በር። ሰሙን አይቼ ወርቁን ደፈንኩት። ሰው ልገድል ነበር።" ጥምጥማቸውን ፈትተው ፊታቸውን ጠረጉ።

"ታንኳ ላይ ውሃ ይገባል፣ ይወጣል" አለ አያ ስማቸው፣ ከተኛበት። "እኔም ማወቅ ነበረብኝ። አእምሮዬ እግሬ ላይ ሆኖብኝ ነው፣ አባቴ። እርስዎ ምንም አላጠፉም።"

10 ሰዓት ሊሞላ ሲል፣ ቡሬ

የጋሽ ጥሩነህ ባለቤት ደረቅ ሱሪና ጋቢ ሰጡት፣ አንድ መለኪያ አረቄም አጠጡት። ሽማግሌው አረንጓዴዋን እንድንወስድ ለመኑን፤ ቀዳዳዋን ሁሉ ከፍተው እንደሚሰጡን ማሉ። እኔ ልወስዳት ፈልጌ ነበር። አያ ስማቸው እምቢ አለ። "ግሩም ናት። ለጤነኛ ሰው" አለ።

ቡሬ መናኸሪያ ላይ ሚኒባስ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ጠበቅን። አሁን ሲሄድ እንደማይደገፈኝ አያስመስልም፤ ክብደቱን ሁሉ ትከሻዬ ላይ ጥሎታል። ያን ያህል ከባድ መሆኑን አላውቅም ነበር። ለማኅበሩ ምን እንደምንል መንገዱን ሙሉ ስፈትል መጣሁ። ጀልባዋ በአይሱዙ ትመጣለች እንበል፤ ዕቃ ጎድሏታል እንበል፤ ጾሙ እስኪገባ ሦስት ሳምንት አለ። እሱ በመስኮት ያያል። ነገሬን ሰምቶት እንደሆነ አላውቅም።

ከምሽቱ 1 ሰዓት፣ መርዓዊ

የማኅበሩ ሊቀመንበር ደሴና አንድ ሌላ አባል መንገዱ ዳር ቆመው ይጠብቁናል። ጀልባዋን እስከ ቤት ሊያደርሱለት የፈረስ ጋሪ ይዘው መጥተዋል፤ እንዳትፋቅ ብለው ወፍራም ገለባ ጎዝጉዘውበታል። እንዲህ ያሉ ደጋግ ሰዎች መሆናቸው የባሰ አንገበገበኝ።

ደሴ የሚኒባሱን ጣሪያ አየ፤ ዞሮም አየ።

"እህሳ፣ የት አለች?"

"ነገ በአይሱዙ..." ብዬ ጀመርኩ። አያ ስማቸው በደህናው እጁ ክንዴን ያዘኝ። ከሚኒባሱ በሩን ተደግፎ ወረደ፤ ዱላውን ለእኔ ሰጠኝ። ያለ ዱላ ሲቆም ግራ ጎኑ ወረደ፤ ሁለቱም አዩት።

"እግሬም ሞቷል፣ ደሴ። ከነሐሴ ጀምሮ ስዋሻችሁ ነበር። ተራዬን ተራ ለደረሰው ስጡት።"

ደሴ እጄ ላይ ያለውን ዱላ አየ። ሌላኛው ሰው የፈረሱን ልጓም ይዞ መሬት መሬት ያያል።

"ምን ትገተራላችሁ?" አለ ወንድሜ። "ጋሪው ባዶውን አይመለስ። ያዙኝና ልውጣበት።"

ብብቱን ይዘው አንሥተው፣ ለጀልባዋ በተጎዘጎዘው ገለባ ላይ አስቀመጡት።