ለእህቴ ራስ የያዝነው ቅቤ

እናቴን ይዤ ባሕር ማዶ የተሻገርኩት እህቴን ልታርስ ነው። እኛ ዘንድ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድ ሴት እናቷ ቤት ትገባለች፤ እናቷም ገንፎ እያገነፋች፣ ራሷን ቅቤ እየቀባች ታርሳታለች። እህቴ ግን ከሰቆጣ ከወጣች ብዙ ዘመኗ ነው፤ ባሏም ሥራዋም አውሮፓ ነው። ከአሁኑ እርግዝናዋ በፊት አንድ ፅንስ ወርዶባት ነበር፤ ያን ጊዜ ከጎኗ ማንም አልነበረም። ሁለተኛውን ስታረግዝ ደወለችልኝና፣ "እማዬ ትምጣልኝ፤ ሌላ ምንም አልፈልግም። የአገር ቅቤ ይዛ በገዛ እጇ ራሴን ትቀባኝ" አለችኝ። ለእናቴ ስነግራት ነጠላዋን አጣፍታ ገበያ ወጣች።

ቅቤው በሰቆጣ አቅራቢያ ካለው አገር፣ ከፃግብጂ የመጣ ነው። እናቴ ባለቅቤዎቹን አንድ ባንድ እየዞረች፣ በጥፍሯ እየቆነጠረች እያሸተተች፣ "ይሄ ውሃ ነው"፣ "ይሄማ ከርሟል" እያለች ግማሹን ገበያ ካስቀየመች በኋላ ለጋውን አገኘች። በቅል አድርጋ አፉን በጨርቅ አሰረችው። እስከ አዲስ አበባ ድረስ አውቶቡስ ላይ ጭኗ ላይ እንደታቀፈችው ነው የሄደችው። ሻንጣ ውስጥ እናድርገው ብላት፣ "ልጅ በሻንጣ ይታዘላል?" አለችኝ። ከእናቴ ጋር ተከራክሮ የረታ ሰው በአገራችን የለም።

አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ አንድ ወጣት ፈታሽ ቅሉን አንስቶ ምንድን ነው አለ። "የአራስ ቅቤ ነው፤ ልጄ ልትወልድልኝ ነው" አለችው እናቴ። ልጁም ቅሉን በሁለት እጁ መለሰላትና፣ "ማርያም በሽልም ታውጣልዎ" ብሎ አሳለፈን። ጉምሩክ እያሉ የሚያስፈራሩን ይሄን ነው እንዴ ብዬ ናቅሁት። ሰቆጣ ውስጥ እንግሊዝኛ አስተማሪ ነኝ፤ ፈተና ላይ ቀላሉ ጥያቄ መጀመሪያ እንደሚመጣ ራሴ እያወጣሁት እንዴት እንደረሳሁት እንጃ።

የደረስንበትን አገር ስም አልጠራም። ሰዎቹ ሕጋቸውን ነው የሠሩት፤ እኔ ደግሞ እስከ ዛሬ ይቅር አላልኳቸውም። መጀመሪያ ፓስፖርት የሚያየው ሰውዬ ከመስታወቱ ኋላ ሆኖ፣ "እናትሽ ምን ያህል ጊዜ ይቆያሉ?" አለኝ። ሁለት ወር ብዬ መገላገል ስችል፣ ምን እንዳቀበጠኝ እንጃ፣ ዞሬ እናቴን ጠየቅኋት።

"ወንድ ከሆነ አርባ ቀን፣ ሴት ከሆነች ሰማንያ" አለች። የክርስትናውን ማለቷ ነው፤ ሕፃኑ ሳይጠመቅ ጥላው የትም አትሄድ። እኔም ቃል በቃል ተረጎምኩት። ሰውዬው፣ "ወንድ ወይስ ሴት የሚሆነው ማነው?" አለ። የሚወለደው አልኩት። ፓስፖርቱን አየ፣ የእናቴን ሽበት አየ፣ ደግሞ ሆዷን አየ። ከዚያ ባልደረባውን ጠራ። ባልደረባውም እንደ አዲስ ጀመረው። ከኋላችን ያለው ሰልፍ እየረዘመ ሰዉ እያጉረመረመ፣ እናቴ ግን ለሁለቱም ጣቷን ቆጥራ ታስረዳለች። በመጨረሻ ምን እንደገባቸው እንጃ፣ ማኅተሙን መትተው ለቀቁን። ሰዎቹ ክፉ አልነበሩም። ክፉ ያልሆነ ሰው ሲያጉላላሽ ደግሞ ይብሳል፤ የምትሰድቢው ታጫለሽ።

ዋናው ጉድ የጠበቀን ጉምሩኩ ጋ ነው። ጓንት ያጠለቀች ልጅ ሻንጣችንን ፈትታ የገብሱን ዱቄት አሳለፈች፣ ተልባውን አሳለፈች። ቅሉ ላይ ስትደርስ ጨርቁን ገለጠችና አፍንጫዋን ያዘች። "ከወተት የሚሠራ ምግብ አይገባም" አለች።

"ምግብ አይደለም፤ ለራስ የሚቀባ ነው" አልኳት።

"ቅባት ከሆነ የተሠራበት ፋብሪካ የት ነው? ምን እንደገባበት የሚናገር ጽሑፍስ?"

ፋብሪካዋ ፃግብጂ ሣር እየጋጠች ነው ልላት ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥኩትና አዋቂ ልሁን ብዬ፣ "ለወላድ መድኃኒት ነው" አልኳት። ይሄን ባላልኩ። መድኃኒት ከሆነ የሐኪም ማዘዣ አምጪ አለች። ምግብ ብለው ወተት ነው፣ ቅባት ብለው ፋብሪካ የለውም፣ መድኃኒት ብለው ሐኪም አላዘዘውም፤ ከአንዱ ጉድጓድ ስወጣ ሌላው ውስጥ ነኝ። ደሜ ፈላ። ክፍል ውስጥ የሚረብሽ ተማሪ ላይ የምጮኸውን ጩኸት ጮህኩ። ልጅቷም እንደ ክፍል አለቃ ቀና ብላ ቆማ፣ የተቆጣሁትን ያህል እየተረጋጋች፣ ቅሉን ወደ ቆሻሻው በርሜል አስጠጋችው።

እናቴም በኽምጣኛ፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋዋ፣ አንድ ነገር ተናገረች። እሷ አማርኛ የምትናገረው ስትደሰት ነው፤ ስትናደድ ኽምጣኛ ነች። ልጅቷ ነገሩ እንዳልበረደ ሲገባት ስልክ ደውላ አስተርጓሚ አመጣችልን፤ እናቴም ያንኑ በስልኩ ደገመችው። ከስልኩ ውስጥ አንዲት አበሻ ሴት፣ "እንደምን ነዎት እናቴ? ቋንቋው አልገባኝም፣ ምን ነበር ያሉት?" አለች። "መረቀቻት" አልኩ እኔ። እናቴ ያለችውን እዚህም አልጽፈውም።

አስተርጓሚዋ ነገሩን ስትሰማ ሌላ ማስረዳት አላስፈለጋትም። "ለአራስ ነው?" አለች ቀስ ብላ። እሷም የወለደችው እዚያው አገር ብቻዋን ሆና ይሆናል ብዬ አሰብኩ። "እናቴ፣ ምን ላድርግ፣ ሕጉ ነው። በዕቃ የተያዘ ቅቤ አይገባም" አለች።

"በዕቃ የተያዘ" አለች እናቴ። "ራስ ላይ የተቀባስ ይከለከላል ወይ? እስቲ ጠይቂልኝ።"

አስተርጓሚዋ ጠየቀች። ልጅቷ ሄዳ አለቃዋን ጠየቀች። አለቃዋም መጥቶ እናቴን ከላይ እስከ ታች አያትና፣ ሰው ገላው ላይ የተቀባውን አንቀማም አለ። እናቴ ሻንጣዋ ላይ ቁጭ አለችና ሻሿን ፈታች። "ነይ ቅቢኝ" አለችኝ።

እኛ ዘንድ ሐዘንተኛ ሴት ቅቤ አትቀባም። ሌላው ሰው ተዝካር ካወጣ ሐዘኑን ይተዋል፤ እናቴ ግን አባቴ ከሞተ ወዲያ ራሷን ቅቤ ነክቶት አያውቅም። ለዓመት በዓል ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቄሱ ሳይቀሩ በግዝት ይዘዋት፣ "ለማን ብዬ" እያለች መልሳቸዋለች። እህቴም ለቀብሩ ሳትደርስ ቀርታ፣ በስልክ ስንት ጊዜ ለምናት አልተሳካላትም። አሁን ያ ሁሉ ሰው ያቃተውን ነገር ጓንት ያጠለቀች አንዲት ልጅ ፊት ልታደርገው ነው።

"እማዬ፣ ይቅር፤ ልጅሽ ትረዳናለች" አልኳት።

"ቅቢኝ አልኩሽ። ለራሴ መሰለሽ? መያዣ አጥቼ ነው።"

ቀባኋት። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያያል፤ እኔ በእፍኝ እየዛቅኩ ሽበቷን አለብሳለሁ። ራሷ ከያዘው የተረፈውን ልጅቷ ከነቅሉ በርሜል ውስጥ ጣለችው። እንዳታንጠባጥብ ወፍራም ወረቀት ሰጠቻት፤ እናቴም ሻሿን በላዩ አጥብቃ አሰረችና በአማርኛ፣ "እግዜር ይስጥሽ" አለቻት። እኔ ግን አላልኳትም።

የእህቴ ባል ውጭ ቆሞ ጠበቀን፤ ምጥ ይዟት ሐኪም ቤት ገብታለች አለን። በመኪናው ሙቀት ቅቤው እየቀለጠ በእናቴ ግንባርና አንገት ይወርዳል። ሰውዬው አንዴ መንገዱን፣ አንዴ እሷን እያየ አደረሰን።

እህቴ አልጋው ላይ ዓይኗን ጨፍና እያቃሰተች ነበር። እናቴ ሰላምታም አልሰጠቻትም። ሻሿን ፈታች፣ በሁለት መዳፏ ከራሷ ላይ ጠረገችና የእህቴን መሐል አናት ቀባቻት፤ ደግማ ጠረገች፣ ደግማ ቀባች። እህቴ ሽታው ሲደርሳት ዓይኗን ገለጠች። እጇን ሰዳ የእናቴን ራስ ዳሰሰች።

"እማዬ፣ ሐዘንሽን ተውሽው?" አለቻት።

"ምን ላድርግ" አለች እናቴ፣ "እዚህ አገር ቅቤ የሚገባው በራስ ብቻ ነው አሉኝ።"

እህቴ ሳቀች። እየሳቀች ሌላው ምጥ መጣባትና የእናቴን አንገት አንቃ ያዘች፤ ለአባቴ ያላለቀሰችውን ለቅሶ ሁሉ እዚያው አለቀሰችው። እናቴም አብራት አለቀሰች፤ እጇ ግን መቀባቱን አላቆመም።