ለጎመን የጮኸ ጅራፍ

አባ ጓሮ ካለችው የዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ አንድ ሰማያዊ ጅራፍ ዛሬም ተሰቅሎ አለ። ጎንደር ቢሆን ከቃጫ ይገመድ ነበር፤ እዚህ እስራኤል፣ አፉላ ከተማ ላይ ቃጫ ከየት ይመጣል! አባ ከናይለን ገመድ ሠራው። ባየሁት ቁጥር መዳፌን ያሳክከኛል።

ያኔ ዐሥር ዓመቴ ነበር። ለአዲስ መጤዎች ከሚሰጠው ተጎታች ቤት ከካራቫንና ከጠባብ ፎቅ በኋላ አፉላ ኢሊት የተባለው ሰፈር ላይ ጓሮ ያለው ቤት ያገኘንበት የመጀመሪያው ዓመት ነው። የክረምቱ ዝናብ አባርቶ የቂጣው በዓል፣ ፔሳሕ፣ ሲቃረብ አባ መሬቱን ቆፈረ፤ እርጥብ አፈሩ እስከ መኝታ ቤታችን ይሸት ነበር። የዘራው ጎመን ነው። ዘሩን በጨርቅ ቋጥራ የላከችው ጎንደር ሆና ወደ እስራኤል የመምጫ ተራዋን የምትጠብቀው እህቱ ነበረች። አባም ጎመኑ አብቦ ዘር እስኪሰጥ ማንም ቅጠል እንዳይቀነጥስ አዘዘ። «እሷ ስትመጣ ከገዛ ዘሯ ትበላለች» አለን።

ጥንቸሎቹ ግን ትእዛዝ አልሰሙም። አንድ ሰው አሳድጎ ሲሰለቹት ከቤታችን በስተጀርባ ቁልቁለቱ ላይ ለቋቸው ኖሮ ተራብተዋል። ወጥመድ አጥምድ ሲሉት አባ ፊቱን አጨማደደ። ጥንቸል ለእኛ እርም ነው፤ ማን በእጁ ይነካዋል? ለዚህ ነው ጅራፉን የሠራው። አጯጯሁን ሜዳ ወስዶ አስተማረኝ፤ ሰፈር ውስጥ ግን መሬት ለመሬት እየጎተትኩ እንዳስፈራራቸው ብቻ አስጠነቀቀኝ። «እዚህ ሰው ጅራፍ አያውቅም፤ የሚያውቀው ጥይት ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። የዚያን ጊዜ አፉላ በር በኃይል ሲዘጋ የምትደነግጥ ከተማ ነበረች። አውቶቡስ ጣቢያው ላይ ባለቤት የሌለው ቦርሳ ከታየ ቦምብ ነው ተብሎ መንገዱ ሁሉ ጭር ይላል። አባም ሽጉጥ ታጥቆ መሀል ከተማ ካለ ሱቅ በር ላይ ቦርሳ የሚፈትሽ ጥበቃ ነበር። የሽጉጥ ፈቃዱ ከተወሰደ ሥራ የለም፤ ይህን እኔም አውቅ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እማ ሥራ ላይ ናት፣ አባ ከጠዋት ፈረቃ ተመልሶ ጋደም ብሏል። ከጎመኑ የቀረው ሰባት እግር ብቻ ነው። ሦስት ጥንቸሎች ገቡ። ጮኽኩባቸው፣ ጓል ወረወርኩባቸው፤ አንዱ ዞር ብሎ አየኝና ማኘኩን ቀጠለ! ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ጅራፉን አነሣሁ፣ ሁለቴ በራሴ ላይ አዞርኩና... ጧ!

ጥንቸሎቹ ጠፉ። ጎረቤታችን ጆርጄት፣ ከሞሮኮ የመጣች አሮጊት፣ ልብስ እያሰጣች ነበርና በደረቷ መሬት ላይ ተደፋች። መስኮቶች ተዘጉ፣ ሰው «ፒጉዓ! ጥቃት!» እያለ ጮኸ። ብዙም ሳይቆይ ፖሊሶች መሣሪያቸውን ደግነው በራችን ላይ ደረሱ። እኔ ጅራፉን ከኋላዬ ደብቄ እንደ እንጨት ደርቄያለሁ። ከመካከላቸው አንዱ ማን ተኮሰ ብሎ ሲጠይቅ አባ በጥበቃ ሱሪውና በካናቴራ ወጣ። አየኝ። ጅራፉን ከእጄ ቀስ አድርጎ ወሰደና «አኒ። እኔ ነኝ» አለ። እኔስ? ወይ ፍንክች። መኪናቸው ውስጥ አስገቡትና ሄዱ።

ጆርጄት ጉልበቷ ላይ ፎጣ ጠቅልላ እያነከሰች መጣች። እያለቀስኩ ስለ ጥንቸሎቹና ስለ ጅራፉ ነገርኳት፤ ማን እንዳጮኸው ግን ዘለልኩት። እጄን ያዘችና መዳፌን ገለጠችው፤ ናይለኑ ልጦት ቀልቷል። ታክሲ ጠርታ በነጠላ ጫማዋ ፖሊስ ጣቢያ ሄደች። እማ መጥታ ነገሩን ስትሰማ ጭንቅላቷን ይዛ «አለቀልን፣ ሥራው አበቃ» ትላለች፤ እኔ ያንንም እየሰማሁ አፌ አልከፈት አለ። ጀምበር ልትጠልቅ ስትል አባና ጆርጄት አብረው መጡ። «አልከሰውም፣ ጎረቤቴ ነው» ብላ ድርቅ ብላባቸው ኖሯል። ፈቃዱም አልተነካ። አባ አልተቆጣኝም፤ መዳፌን ቅባት ቀባልኝ፣ በቃ። በማግስቱ ጆርጄት አንድ ጥቅል የሽቦ መረብ አመጣችና «ይሄ አይጮህም» አለችን።

አምስት እግር ጎመን ተርፎ ዘር ሰጠ። አክስቴም ከሁለት ዓመት በኋላ መጣችና ከዚያ ዘር የበቀለውን ጎመን ጨው አንሶታል እያለች በላችው። አሁን ጎመን መሀል ከተማ ይሸጣል፣ ጆርጄት አርፋለች፣ ቤቷን የማላውቃቸው ሰዎች ይኖሩበታል። መረቡም ዝጎ ተበሳስቷል።

ባለፈው ፔሳሕ አባ ጓሮ ተቀምጠን ሳለ የሰባት ዓመቷ ልጄ ጅራፉን አግኝታ ኖሮ... ጧ! የጎረቤት መስኮት ተከፈተና አንድ ድምፅ «ሚ ዜ? ማነው?» ብሎ ጮኸ። ልጄ ጅራፉን ከኋላዋ ደብቃ ደርቃለች። ብድግ ብዬ እጄን አወጣሁ። «አኒ! እኔ ነኝ!» አልኩ። ያኔ እውነት ሆኖ ያልወጣኝ ቃል፣ ዛሬ ውሸት ሆኖ ወጣልኝ።

አባ ጆሮው ደክሟል፣ ጩኸቱን አልሰማም። የእኔን የተነሣ እጅ አየ፣ ልጄን አየ።

«መዳፏን እይላት» አለኝ፤ «ቅባቱ መሳቢያው ውስጥ አለ።»